የሁለት ሰው መኪና

የተቃጠለ ፍሪሲዮን ሲሸተኝ ሰው መስደብ ያምረኛል። ሌላው ተሳፋሪ አፍንጫውን ይይዛል፣ መስኮት ይከፍታል፣ ሾፌሩን ምን እንደሚሸት ይጠይቃል፤ እኔ ግን የቆየ ቁጣዬ ብድግ ይልና አጠገቤ የተቀመጠውን ማንንም ይሁን ማን በክፉ ዓይን ማየት እጀምራለሁ። ደሴ እየኖረ ኮምቦልቻ የሚሠራ ሰው ደግሞ ከዚህ ሽታ ማምለጫ የለውም። በሁለቱ ከተሞች መሃል ያለውን የሐረጎን ዳገት የሚወጣ ሚኒባስ ሁሉ ጠመዝማዛው ሲጠናበት ያንን ደረቅ፣ ጉሮሮ የሚቧጥጥ ሽታ መልቀቁ አይቀርም። ባለፈው ሐሙስ ከሥራ ስመለስም ለቀቀው። ያን ዕለት አጠገቤ የተቀመጡት ግን እትዬ ዘይነባ ነበሩ፤ በዚህ ዓለም ላይ ከሰው ሁሉ አብልጬ የምጠላቸው ሴት።

የምጠላቸው በመኪና ምክንያት ነው፤ ይህን ስናገር አፍሬ አላውቅም። ሰው በመሬት ይጣላል፣ በውርስ ይጣላል፣ በአጥር ይጣላል፤ እኔ በመኪና ተጣላሁ። እሳቸው ግን መጣላታችንን ያልሰሙ ይመስል ሠላሳ ዓመት ሙሉ ባገኙኝ ቁጥር «ደህና ነሽ ወይ ልጄ? እናትሽስ ደህና ናት?» ይሉኛል፤ እኔም «አልሐምዱሊላህ» እልና ፊቴን አዞራለሁ። አንድ ቀን ፒያሳ ዳቦ ቤት በር ላይ እጄን ይዘው አልለቅ ቢሉኝ፣ ዳቦውን ሳልገዛ ወደ ቤቴ ተመልሻለሁ።

አባቴ ሰይድ ኮምቦልቻ ፋብሪካ ውስጥ የሽመና ማሽን ጠጋኝ ነበር። ዝምተኛ ሰው ነው፤ እምቢ የምትል ቃል ከአፉ ወጥታ አታውቅም። የማን ቧንቧ ፈነዳ፣ የማን ጣራ አፈሰሰ፣ የማን ልብስ ስፌት መኪና ተነከሰ፣ መጥተው በር ሲያንኳኩ የጎረሰውን ሳይውጥ ይነሳ ነበር። እናቴ «ሰይድ የሰፈሩ ነው፤ ለኔ ለማደሪያ ብቻ ነው የሚመልሱልኝ» ትል ነበር። እየሳቀች ነው የምትለው፤ ሳቋ ግን ከከንፈሯ አያልፍም። እኔ ብቸኛ ልጁ ነኝ፤ እኔም ብሆን አባቴን የማገኘው ከሰው ተርፎ ነበር።

ይህ ሰው ነው እንግዲህ ኮምቦልቻ አንድ ጋራዥ ውስጥ ሸራ ለብሳ የቆመች ቀይ መኪና ያየው። ሁለት በር ያላት፣ ሆዷ መሬት ሊነካ የደረሰ የስፖርት መኪና ነበረች። ያመጣት አንድ የመንገድ ሥራ ፈረንጅ ነው አሉ፤ ፈረንጁ አገሩ ሲገባ እዚያው ቀረች። አባቴ ሁለት ዓመት ሙሉ በምሳ ሰዓት እየሄደ ሸራዋን ገለጥ አድርጎ አይቷት ይመለስ ነበር። ልብ ያለው ሰው ሁሉ መከረው። መለዋወጫዋ አይገኝም፣ የሐረጎ ጉድጓድ ሆዷን ይዘረግፈዋል፣ ለሠርግ እንጂ ለሥራ የምትሆን መኪና አይደለችም ተባለ። ቆጣሪዋ አምስት አሃዝ ብቻ ስለነበረው ስንት ጊዜ ሞልቶ ዜሮ እንደገባ የሚያውቅ አልነበረም፤ ሻጩ ራሱ ሲጠየቅ ሰማይ ሰማይ ያይ ነበር። አባቴ ሁሉንም አዳምጦ፣ ሁሉንም አመስግኖ ገዛት። በዕድሜው ሁሉ የሰው ምክር አልሰማም ያለው ያን ጊዜ ብቻ ነው።

እኔ መቼም ያቺን መኪና ወደድኳት ብል ያንስብኛል። ወንበሯ ቆዳ ነበር፤ ተሰነጣጥቆ ቢጫ ስፖንጁ ብቅ ብሏል፤ በፀሐይ ሲሞቅ የቆዳው ሽታ ከቤንዚኑና ከአባቴ እጅ የማሽን ዘይት ጋር ተቀላቅሎ ያውደኛል። በእኔ በኩል ያለው መስታወት ወርዶ ስለቀረ፣ ክረምት ከበጋ ክፍት ነው። ዝቅ ከማለቷ የተነሳ ከጎዳና ውሾች ጋር ዓይን ለዓይን እንተያያለን፤ የከባድ መኪና ጎማ በጆሮዬ አጠገብ ሲያልፍ አባቴን ጥብቅ አድርጌ እይዛለሁ። ከደሴ ብርድ ካፖርት ደርበን እንነሳና ሐረጎን ስንወርድ አንድ አንድ እያልን እናወልቃለን፤ ኮምቦልቻ ስንገባ በሸሚዝ ነን። ቁልቁለቱ ላይ ማርሽ ሲቀንስ ሞተሯ ከስር ጀምሮ ያጉረመርምና ድምፁ ከገደሉ ተጋጭቶ ይመለስልናል፤ ያኔ አባቴ ይስቃል። አባቴ ጥርስ እንዳለው ያወቅሁት እዚያ ቁልቁለት ላይ ነው ብል ማጋነን አይሆንም።

ነገር የተበላሸው ገና ከመጀመሪያው ቀን ነው። በእኛ አገር ቅሬ አለ፤ ሌላው እድር የሚለው ነው። የኛ ቅሬ ግን ቀብሮ የሚበተን ማኅበር አይደለም፤ ሲጣሉ ያስታርቃል፣ ሲያጠፉ ይቀጣል፣ ከቅሬ የወጣ ሰው እሳት የሚሰጠው ጎረቤት የለውም። ከቅሬው ሰው መሃል መኪና ያለው ደግሞ በሽተኛ ሐኪም ቤት ማድረስ፣ ለቅሶ ሲሆን ሰው ማመላለስ ግዴታው ነው፤ ማንም አይጽፈው፣ ማንም አይረሳው። ስለዚህ አባቴ መኪና ገዛ ሲባል ሰፈሩ በሙሉ መኪና የገዛ መሰለው። መኪናዋ ከኮምቦልቻ ሳትደርስ ሽማግሌዎቹ ቤታችን ተሰበሰቡ፤ ጫታቸውን ይዘው ረጅም ዱዓ አደረጉ። የቅሬው ዳኛ ልብስ ሰፊው ጋሽ አራጋው፣ ክርስቲያን ቢሆንም ከሁሉ ድምፁን ከፍ አድርጎ አሚን እያለ፣ ከዛሬ ጀምሮ የሰፈራችን በሽተኛ በቃሬዛ እንደማይሄድ ንግግር አደረገ። መኪናዋ እያጉረመረመች ስትደርስ ሁሉም ወጣ።

ዞሯት። ጋሽ አራጋው አጎንብሶ በመስኮቱ አየና «የኋላው ወንበርስ?» አለ። አባቴ እንደሌላት ነገረው። ወደፊት ይገባላት እንደሆነ ጠየቀ። አባቴ አንገቱን አቀርቅሮ፣ እንደማይገባላት፣ ስትሠራም ለሁለት ሰው እንደተሠራች አስረዳው። ዱዓው አንዴ ተደርጓል፤ አይመለስም። ሽማግሌዎቹ ጫታቸውን ሰብስበው ወደየቤታቸው ሄዱ።

በማግስቱ ወሬው ሰፈሩን ሞላው፦ ሰይድ ብልጥ ነው፣ ሰው ላለመጫን ብሎ ነው ሁለት ወንበር የገዛው። ሃያ ዓመት ሙሉ ቧንቧቸውን የጠገነላቸው ሰው በአንድ ሌሊት ስስታም ሆነ። እነዚህን ሰዎች ያኔም ጠላኋቸው፣ ዛሬም ሳስባቸው ጥርሴን ነክሼ ነው። ደግሞ እኮ ትክክል ነበሩ፤ አባቴ በዕድሜው አንድ ነገር የኔ ይሁን፣ አንድ ቦታ ብቻዬን ልሁን ብሎ ነው የገዛት። የሚገርመው ሰው ይህን አንድ ጊዜ ቢመኝ እንደ ወንጀል መቆጠሩ ነው።

መኪናዋም ብትሆን ምቀኛ ነበረች። ጠዋት ጠዋት ካልተገፋች አትነሳም። ስለዚህ በየማለዳው አራት አምስት ጎረቤት ወጥቶ ቁልቁል ይገፋታል፤ ትነሳለች፤ ከዚያ ከገፏት መሃል አንዱ ይሳፈርና ሌሎቹ ጭሱን እየማጉ ሚኒባስ ፍለጋ ይሄዳሉ። አባቴ በተራ አደረገው። በተራው ተጣሉ፤ የእገሌ ሚስት ሁለቴ ሄደች፣ የእኔ ቀን በበዓል ዋለ ተባለ። እናቴ ባለመኪና ባል እያላት አንድ ቀን እንኳ አልተቀመጠችባትም፤ ሰው ቆሞ እያያት እሷ ተቀምጣ እንደማትሄድ ነግራው አበቃች። በመጨረሻ ክረምት ሆኖ ትምህርት ሲዘጋ አባቴ መላ ያገኘ መሰለው፦ እኔን ማሳፈር ጀመረ። ኮምቦልቻ እህቱ ቤት እውላለሁ፣ ማታ አብሬው እመለሳለሁ። ወንበሩ ሞላ ማለት ነው፤ የሚመርጠው ሰው የለም፣ የሚቀየመው የለም።

ነገር ግን ልጅ ይታቀፋል። ይህንን ያመጡት እትዬ ዘይነባ ናቸው፤ ሦስት ቤት አልፎ ጎረቤታችን፣ ኮምቦልቻ እየወረዱ ቅመም የሚሸጡ፣ ወፍራም፣ ድምፃቸው ከፍ ያለ ሴት። አንድ ጠዋት በሩን ከፍተው «ነይ ወዲህ» ብለው ጭናቸው ላይ አስቀመጡኝና ሄድን። ከዚያ ወዲህ ሴቱ ሁሉ ተማረ። ያን ክረምት በሰው ጭን ላይ ሆኜ ሐረጎን ወረድኩ፤ ዘንቢል ጎኔን እየወጋኝ፣ በርበሬ እያስነጠሰኝ፣ ጭንቅላቴ ጣራ እየነካ። ከሁሉ የከፋው አባቴ መሳቁን ማቆሙ ነበር። እንግዳ አጠገቡ ካለ ቁልቁለቱ ላይ ቀስ ብሎ ይነዳል፤ መንገዱን ሁሉ ስለ ሰው ራስ ምታትና ስለ ሰው ጣራ ይጠየቃል። አሥር ዓመቴ ነበር፤ አባቴን የማገኘው እዚያ ወንበር ላይ ብቻ ነበር፤ እሱንም ወሰዱብኝ።

ሐምሌ ውስጥ አንድ ማለዳ፣ ጉሙ መሬት ወርዶ፣ እንዴት እንደሆነ እንጃ ማንም ሳይሳፈር ወጣን። ከከተማው መውጫ ላይ እትዬ ዘይነባ መንገድ ዳር ቆመው አየሁ። እጃቸውን አነሱ። ዘንቢል አልያዙም ነበር፤ ይህን አይቻለሁ፣ ዛሬም በዓይኔ ላይ አለ፤ ልጅ ነበርኩና ምን እንደሆነ አልጠየቅሁም። የአባቴ እግር ወደ ፍሬኑ ሲሄድ አየሁና ክንዱን ያዝኩት።

«አባዬ፣ አትቁም። ዛሬ ብቻ።»

አየኝ። ፊቱ ላይ የነበረውን ነገር ለመረዳት ብዙ ዓመት ፈጀብኝ፤ እሱም ብቻችንን መሆን አምሮት ነበር። አልቆመም። በጎን መስታወቱ እትዬ ዘይነባ ጭቃውን እየረገጡ ጥቂት ሲሮጡ፣ ከዚያም ጉሙ ሲውጣቸው አየሁ። ሐረጎን ስንወርድ ሞተሯ አጉረመረመች፤ አባቴ ግን አልሳቀም።

የእትዬ ዘይነባ ወንድም ከኮምቦልቻ ወዲያ፣ ሐርቡ ላይ ሌሊቱን ሞቶ ነበር። የእስላም ጀናዛ አያድርም፤ ከቤት ሳይወጣ ፊቱን ልይ ብለው ነበር በጉሙ የቆሙት። በዚያ ሰዓት ሌላ መኪና አልነበረም። ቆይቶ አንድ የጭነት መኪና ኮምቦልቻ ድረስ ወሰዳቸው፤ ከዚያ ሌላ ጠብቀው ሐርቡ ሲደርሱ ወንዶቹ ከመቃብር እየተመለሱ ነበር።

ቅሬው በዚያው ሳምንት ተሰበሰበ። እኔ ከሴቶቹ ኋላ አጥር ተደግፌ ቆሜ ነበር። እትዬ ዘይነባ ብዙ አልተናገሩም፤ አየኝ፣ አልቆመም፣ ወንድሜን ሳላየው ወጣ፣ ይኸው ነው አሉ። ከዚያ የሚናገረው ብዙ ነበር። ሁለት ዓመት የተጠራቀመ ቅያሜ ሁሉ፣ የተራውም፣ የግፊያውም፣ የጭሱም ያን ቀን ወጣ። ጋሽ አራጋው ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፣ ለሃምሳ ሰው ጌጡ ብሎ ተረተና አባቴን ቃሉን ጠየቀው። አባቴ ተነሳ።

«አይቻታለሁ። አላቆምኩም። ጥፋቱ የኔ ነው» አለና ተቀመጠ።

ለምን እንዳላቆመ ጠየቁት። አጠገቡ ማን እንደነበረ ጠየቁት፤ ዝም አለ። እናም ፈረዱ፦ ዘይነባን ይቅርታ ጠይቆ አውፍ ያስብል፤ መኪናዋንም ለሰው እንድትሆን ያድርጋት ወይም ይሽጣት፤ አለዚያ ከቅሬው ይውጣ። ማታ እናቴ ጥግ ይዛ ስታለቅስ ነበር። የምትለው አንድ ነገር ብቻ ነው፤ ብንሞት ማን ይቀብረናል ነው የምትለው። ያባት ዕዳ ለልጅ ይላሉ፤ እኛ ቤት ተገልብጦ ነበር፤ ይህንን ከሁለት ሰው በቀር የሚያውቅ የለም ብዬ አምን ነበር። ተነስቼ «እኔ ነኝ» ማለት ይገባኝ ነበር። አላልኩም።

በማግስቱ ከአሥር ሰዓት በኋላ አባቴ ብቻውን እትዬ ዘይነባ ቤት ሄዶ ጥቂት ቆይቶ ተመለሰ። ቅዳሜ መኪናዋን ይዞ ኮምቦልቻ ወረደ። ሳምንታት አለፉ። ስትመለስ ድምጿ ሌላ ስለነበር የእኛ መሆኗን ያወቅሁት በር ላይ ከቆመች በኋላ ነው። ጣራዋን ከወንበሩ ኋላ በመጋዝ ቆርጠውታል፤ ጀርባዋ ላይ ከላሜራ የተበየደ ካሶኒ ጭነውባታል፤ ቃሬዛ እንዲይዝ ከጋቢናው በላይ ተርፎ የወጣ ብረት አለው። ቀለሙም አልተገኘ ኖሮ የፊቱ ቀይ፣ የኋላው አረንጓዴ ነው። ጎረቤት ተሰብስቦ ማሻአላህ ይላል። እኔ እሪ ብዬ አለቀስኩ። አባቴ ካሶኒውን በመዳፉ መታ መታ አደረገና «አሁን ሰው ይይዛል» አለኝ። ሌላ ምንም አላለም።

ይዛለችም። ስንት በሽተኛ፣ ስንት ወላድ፣ ስንት ጀናዛ እንደጫነች አልቆጠርኩም። ያቺ ለሁለት ሰው የተሠራች ጎስቋላ ሐረጎ ላይ ፍሪሲዮኗ እየተቃጠለ፣ ያንን ሽታ እየለቀቀች ዓመታት ሠራች። አባቴ ስትበላሽ ይጠግናታል፤ ሲያጥባት ግን ዳግመኛ አይቼው አላውቅም፤ ቁልቁለቱ ላይም ሲስቅ አይቼው አላውቅም። እኔም ያ ወንበር ተመልሶ ባዶ ሲሆን ልቀመጥበት አልፈለግሁም። እኔና አባቴ ከዚያ በኋላ በደህና ቃል ኖርን፤ ብቻችንን የሆንበት ቀን ግን ትዝ አይለኝም። የሞተ ጊዜ ከአልቃሹ ሁሉ የእትዬ ዘይነባ ድምፅ ከፍ ብሎ ይሰማ ነበር፤ እኔም መኪናዋን አስቆርጠው፣ ሳቁን ነጥቀውት፣ አሁን ደግሞ ያለቅሱለታል ብዬ ደሜ ፈላ። የመኪናዋ ካሶኒ ዛሬ የቅሬው ዕቃ ቤት ውስጥ አለ፤ የድንኳን ቋሚ ይደረደርበታል።

ወደ ሐሙስ ልመለስ። ሽታው ሲመጣ እትዬ ዘይነባ፣ ያ ሁሉ ውፍረት የት እንደገባ እንጃ አንድ እፍኝ ሆነው፣ ሙስበሃቸውን እየቆጠሩ «የአባትሽ መኪና ሸተተኝ» አሉ። ሠላሳ ዓመት የያዝኩት አመለጠኝ። እርስዎ ባይከሱት ኖሮ አይቆርጣትም ነበር አልኳቸው፤ ድምፄ ከፍ ብሎ ስለነበር ከፊት የተቀመጡት ዞረው አዩን። እሳቸው አልተቆጡም። ሙስበሃቸውን ጭናቸው ላይ አስቀመጡ።

«የእሱ ክስ አለቀ። አንቺን ግን ሰምቼሻለሁ» አሉ። «መስታወቱ ክፍት ነበር። አትቁም ስትይው ሰማሁሽ።»

ታዲያ ለምን ለቅሬው እንዳልተናገሩ ጠየቅኋቸው።

«ልናገር ነበር። ለሚቀጥለው ጁምዓ ቆርጬ ነበር፤ ሐዘን ላይ ነኛ። አባትሽ መጣ። እዚያ ደጃፌ ላይ ቁጭ ብሎ፣ ዘይነባ፣ መኪናዋን የፈለጋችሁትን አደርጋታለሁ፣ ልጄን ግን አታንሻት፣ በዚህ ስም አትደግብኝ አለኝ። ቃል ገባሁለት። ወላሂ ለባሌም አልነገርኩም።» ሙስበሃቸውን መልሰው አነሱና «እሱም ሄደ። እኔም ደርሻለሁ። ፊትሽን እያዞርሽብኝ እንዳልሞት ብዬ ነው፤ አውፍ በይኝ» አሉ።

አውፍ በይኝ ያሉት እሳቸው ናቸው። ጥፋቱ የማን እንደሆነ ግን ሁለታችንም እናውቅ ነበር። ዝም አይነቅዝም ይባላል፤ የእሳቸው ዝምታ ሠላሳ ዓመት ሙሉ ምንም አልሆነም፤ የኔ ግን ነቅዞ ጥላቻ ሆኖ ነበር፤ ያንንም ጥላቻ የከመርኩት ስሜን በጠበቁልኝ ሴት ላይ ነው። ካሶኒው የእሳቸው ፍርድ ይመስለኝ ነበር። ለኔ የተከፈለ ዋጋ ኖሯል።

ፒያሳ ስንደርስ ክንዳቸውን ይዤ አወረድኳቸው። እጃቸው ቀዝቃዛ ነበር። ባጃጅ እስኪመጣ ቆመን ሳለን፣ በዚህ ሁሉ ዓመት አንድ ነገር ጠይቄያቸው እንደማላውቅ ትዝ አለኝ። የወንድምዎ ስም ማን ነበር አልኳቸው።

«ሙሄ» አሉኝ። «ታናሼ ነው። በጀርባዬ አዝዬ ያሳደግሁት።»